ከጥላው የሚያልፍ ደመና

ሐምሌ ላይ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ምድሩ ያልቅበታል። ከኋላው ገብስና ባቄላ የለበሰው ቀዝቃዛ የሰሜን ሸዋ ደጋ ይቀራል፤ ከፊቱ ገደል ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ተራራውን ሰንጥቆ ያልፋል። ከዋሻው ማዶ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። በጠራ ማለዳ ጫፉ ላይ ለቆመ ሰው ቆላው ወደ አፋር ሜዳ አቅጣጫ ተዘርግቶ ይታያል።

ረፋድ ላይ ግን ከገደሉ ሥር ጉም ይነሳል። የተራራውን ግድግዳ እየታከከ ይወጣና መንገዱን ይሸፍነዋል፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች በቀን መብራት አብርተው፣ ጥሩንባ እየነፉ ያልፋሉ። ስድስት ሰዓት ገደማ ያ ጉም ከጫፉ በላይ ተነስቶ ጉልላት በጉልላት ላይ እየደረበ ይቆማል፤ ጠርዙ በፀሐይ ያበራል፣ ሆዱ እየቆየ ይጠቁራል። ስምንት ሰዓት ላይ እረኛው ከብቱን ወደ በረት ማዞር ይጀምራል። የእጅ ሰዓት የለውም፤ ያየው የደመናውን ሆድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቀዝቃዛ ነፋስ ሣሩን አስተኝቶ ያልፋል፣ ሰማዩ ያጉረመርማል፣ ዶፉ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ያባራል።

ይህን በደጋ ክረምት ያሳለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የምናውቀው ግን ከሥሩ ቆመን ያየነውን ያህል ነው። ደመናው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ፣ ካባራ በኋላስ የት እንደሚደርስ ብዙም አንጠይቅም። ከክረምቱ ሰማይ የምናገኘው ጥቅምም ሆነ የሚደርስብን ጉዳት አብዛኛው የተደበቀው ግን እዚያ ነው። የደጋው ደመና ከጥላው አልፎ ሰው ጋ ይደርሳል። እኛም ያላየነው ደመና ይደርስብናል።

ሽቅብ የሚሄድ አየር

የነጎድጓድ ደመና የሚወለደው እርጥበት ያዘለ አየር ወደ ላይ ሲሄድ ነው። ጣርማ በር ላይ አየሩን የሚያወጣው አንዱ ነገር ገደሉ ራሱ ነው፤ ከቆላው የሚመጣው ነፋስ ግድግዳው ሲያግደው ከመውጣት ሌላ ምርጫ የለውም። ሌላው ፀሐይ ናት። ፀሐይ የደጋውን መሬት ታሞቃለች፤ መሬቱም ላዩ ላይ ያለውን አየር ያሞቃል። በዚያው ከፍታ በቆላው ሰማይ ላይ ያለው አየር ግን ከመሬት የራቀ ስለሆነ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የደጋው አየር ከጎረቤቱ ይልቅ ቀላል ይሆንና ይነሳል፤ በለቀቀው ቦታ ከቆላው ሌላ አየር ይሳባል። በየቀኑ፣ በአንድ ሰዓት አካባቢ፣ በአንድ ቦታ ደመና የሚቆመው ለዚህ ነው።

አየር ሽቅብ ሲሄድ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው አንድ ወሰን ላይ ሲደርስ የያዘው ተን በጥቃቅን የአቧራ፣ የጭስና የጨው ብናኞች ላይ እየተለጠፈ ጠብታ ይሆናል። ደመና ማለት እነዚህ ጠብታዎች ናቸው። የአንዱ ውፍረት የ1 ሚሊ ሜትር 50ኛ እጅ ያህል ስለሆነ አየሩ በቀላሉ ያንሳፍፈዋል። አንድ ደህና የዝናብ ጠብታ እንዲወጣቸው ሚሊዮን ያህሉ መገናኘት አለባቸው።

ነገሩ የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። ውሃ ከባሕር፣ ከሐይቅ፣ ከረጠበ ማሳና ከቅጠል ሲተን ሙቀት ይዞ ይነሳል። ተኑ ተመልሶ ጠብታ ሲሆን ያንን ሙቀት ለአየሩ ይለቅለታል። ስለዚህ ደመናው ውስጥ ያለው አየር ሲወጣ የሚቀዘቅዘው በየኪሎ ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ብቻ ነው። ዙሪያው ያለው አየር ከእሱ ይበልጥ የሚቀዘቅዝ ከሆነ መውጣቱን ይቀጥላል፤ በወጣ ቁጥር ተጨማሪ ጠብታ፣ ተጨማሪ ሙቀት ያገኛል። ከዚህ በኋላ ገደሉም ፀሐይም ባይኖሩ ግድ የለውም፤ ራሱን በራሱ ያወጣል። የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች ኩሙሎኒምበስ የሚሉት ደመና ይህ ነው። በእኛ የምድር ክፍል አናቱ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሊደርስ ይችላል፤ የመንገደኛ አውሮፕላን የሚበርረው ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። አብራሪዎች ይህን ደመና በላዩ ለማለፍ አይሞክሩም፤ አውሮፕላኑ አፍንጫ ውስጥ ባለው ራዳር እያዩ በሩቁ ይዞሩታል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ቦሌ ለማረፍ የመጣ አውሮፕላን አየር ላይ ሲዞር የቆየ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አናቱ የሚቆመው ከላዩ ያለው አየር ከእሱ የሞቀበት ወሰን ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ ወዲያ መውጣት ስለማይችል ወደ ጎን ይዘረጋል። በክረምት በዚያ ከፍታ ከእስያ ተነስቶ የሕንድ ውቅያኖስን የሚሻገር ኃይለኛ የምሥራቅ ነፋስ በሰማያችን ላይ ያልፋል፤ ስለዚህ የተዘረጋው ነጭ መጋረጃ ወደ ምዕራብ ይጎተታል። ማምሻውን ከከፍታ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ይህን በዓይኑ ማረጋገጥ ይችላል።

የሚዘንበው ውሃ ከሩቅ የመጣ ነው። ከፊሉ ከአትላንቲክ ተነስቶ በኮንጎ ደን ላይ አልፎ በደቡብ ምዕራብ ይገባል፤ ከፊሉ ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። ተራራው ሁልጊዜ አለ፣ ፀሐይም አለች፤ እርጥበቱ ሲያጥር ግን ደመናው ይነሳና ሳይዘንብ ይበተናል። የ2007 ዓ.ም. ክረምት በብዙ አካባቢ እንዲያ የሆነው የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከልክ በላይ በሞቀበት፣ ኤልኒኖ በተባለው ክስተት ምክንያት ነበር።

«ደመናው ሲወለድ ውሃ ሙቀት ይሰጠዋል፤ ሲሞትም የሚገድለው የራሱ ዝናብ ነው።»

ዝናቡ ደመናውን ይገድለዋል

ከዶፉ ቀድሞ የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ብዙ ሰው «ዝናቡን ያመጣው» የሚለው ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጠብታዎቹ ከብደው መውረድ ሲጀምሩ አየሩን አብረው ወደ ታች ይጎትቱታል፤ በመንገድ ላይ ከፊላቸው ሲተንም አየሩን ያቀዘቅዙታል። ይህ የከበደ ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲመታ በየአቅጣጫው ይሸሻል። የሱቅ ጥላ የሚገለብጠው፣ ቆርቆሮ የሚነቅለው ነፋስ ይህ ነው። ቀዝቃዛው አየር ከደመናው ሥር ሲነጠፍ ደግሞ ሽቅብ የሚሄደውን ሙቅ አየር መንገድ ይዘጋበታል፤ ደመናው መጋቢ ያጣና ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1946 እና በ1947 አሜሪካ ውስጥ ፍሎሪዳና ኦሃዮ ላይ አብራሪዎች ሆን ብለው አውሮፕላን እየነዱ ወደ ደመናው ውስጥ የገቡት ይህን ሂደት ለማወቅ ነበር። አንድ የነጎድጓድ ደመና ከማደግ እስከ መፍረስ የሚቆየው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ገደማ መሆኑን ዓለም በሚገባ የተረዳው ከእነሱ ሥራ ነው።

ዶፉ ሲረዝም አንድ ደመና ስለቆየ አይደለም። የፈረሰው ደመና ያስነሳው ነፋስ ጎረቤት ያለውን ሙቅ አየር ገፍቶ ሌላ ደመና ያስነሳል፤ ያም ሌላ። መርካቶ ውስጥ ዶፉ ያባራ መስሎት ከሸራው ሥር የወጣ ሸማች ዳግመኛ የሚበሰብሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የገብስ ማሳና የበረዶው ድንበር

ከ4,800 ሜትር ገደማ በላይ በክረምቱ ሰማያችን ውስጥ አየሩ ከዜሮ ዲግሪ በታች ነው። የሚገርመው፣ ጠብታዎቹ ወዲያው አይረጉም፤ ዜሮ አልፈው፣ አንዳንዶቹ እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ውሃ እንደሆኑ ይቆያሉ። ከረጋ ነገር ጋር ሲነካኩ ግን በቅጽበት ይረጉበታል። አንዲት የበረዶ ፍሬ እንዲህ ባሉ ጠብታዎች መሐል ስታልፍ ልብስ በልብስ ላይ እየደረበች ትወፍራለች። ሽቅብ የሚሄደው አየር ጠንካራ ከሆነ ክብደቷ እስኪያሸንፈው ድረስ ይዟት ይቆያል።

ታዲያ ደጋው በረዶ የሚበዛበት፣ ቆላው የሚያንስበት ለምንድን ነው? ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ፍሬዋ ከዜሮ መስመሩ በታች የምትወድቀው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ለመቅለጥ ጊዜ አታገኝም። አፋር ሜዳ ላይ ያው ፍሬ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ በሙቅ አየር ውስጥ መውደቅ ስላለባት ዝናብ ሆና ትደርሳለች።

መንዝ ውስጥ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ገብሱ ሲያሸት ገበሬው የሚፈራው ድርቅን ብቻ አይደለም። ዝናብ ያስተኛው፣ የጋሸበ እህል ቀና ሊል ይችላል፤ በረዶ አገዳውን የሰበረው ግን አይነሳም። የዓመት ልፋት በሩብ ሰዓት ይሄዳል። በአንዳንድ የደጋ አገሮች በረዶ ይመልሳሉ ተብለው የሚታመኑ ደብተራዎች ኖረዋል፤ መንደሩ እህል አዋጥቶ ይከፍላቸው የነበረው ሌላ መከላከያ ስላልነበረው ነው። እኔን የሚከነክነኝ ከጉዳቱ በኋላ የሚመጣው ወሬ ነው። በረዶው የአንዱን ማሳ ፈጭቶ የጎረቤቱን ሳይነካ ያልፋል፤ ሰውም «ምን ቢበድል ነው?» ይላል። በረዶ ያዘለው የደመናው ክፍል ጠባብ ነው፤ ከነፋሱ ጋር ሲሄድ መሬት ላይ ቀጭን መስመር ያሰምራል። ድንበሩ በሁለት ወንድማማቾች ማሳ መካከል ቢያልፍ አንዱ ከሌላው የተሻለ ስለሆነ አይደለም። እህሉን ያጣ ሰው ላይ ኃጢአት መጨመር ግፍ ነው።

ነጎድጓድና የቡሄ ጅራፍ

የበረዶ ፍሬዎችና ጥቃቅን የበረዶ ቅንጣቶች ደመናው ውስጥ ሲጋጩ ኤሌክትሪክ ይከፋፈላሉ። ከባዶቹ አብዛኛውን ጊዜ አሉታዊውን ይዘው ወደ ደመናው መሐልና ሥር ይወርዳሉ፤ ቀላሎቹ አዎንታዊውን ይዘው ወደ አናቱ ይወጣሉ። ልዩነቱ አየሩ ሊያግደው ከሚችለው ሲያልፍ ብልጭታው ይሄዳል፤ አብዛኛው እዚያው ደመናው ውስጥ፣ ከፊሉ ወደ መሬት። የሄደበት መስመር ከጣት ብዙም የማይወፍር ሆኖ ሳለ እስከ 30,000 ዲግሪ ይግላል። ይህ ከፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ ነው።

ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ አባቶች ድምፁን በታቦር ተራራ የተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው ይላሉ። ጅራፉና ነጎድጓዱ በሥራቸውም ዘመዳሞች ናቸው። የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ሲወነጨፍ አየሩን በድንገት ይገፋዋል፤ ጩኸቱ ያ ግፊት ነው። መብረቅም በመንገዱ ያለውን አየር ባንዴ ሲያግለው አየሩ ከድምፅ ፈጥኖ ይፈነዳል። ቅርብ ሲሆን እንደ ጅራፉ ጯ የሚለው፣ ሲርቅ የሚያጉረመርመው፣ ድምፁ ከረጅሙ መስመር ልዩ ልዩ ቦታ ተነስቶ በየተራ ስለሚደርስ ነው። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ብልጭታውን ካዩ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያሉትን ሰከንዶች ቆጥሮ ለ3 ማካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣል።

«ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ይደርሳል። ዝናቡ ገና አለመጀመሩ ዋስትና አይደለም።»

መብረቅ ከዝናቡ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቆ ሊወርድ ይችላል። በፀሐይ ላይ ቆሞ ሩቅ ያለውን ጥቁር ደመና የሚያይ እረኛ አደጋው ውስጥ ነው ያለው። ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ቀይ ልብስ መብረቅ ይስባል ሲባል ሰምተናል፤ መብረቅ ቀለም አይመርጥም። የሚመርጠው ከፍታን ነው፤ ብቻውን የቆመ ባሕር ዛፍ፣ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ሰው። ዛፍ ሥር መጠለል ክፉ የሚሆነው ኤሌክትሪኩ ከግንዱ ወደ ሰው ስለሚዘል፣ በሥሩም በኩል መሬቱ ላይ ስለሚሰራጭ ነው። አንድ ብልጭታ ዛፍ ሥር የተሰበሰበ የከብት መንጋ የሚጨርሰው በዚህ መንገድ ነው፤ የፊትና የኋላ እግሮቻቸው ስለሚራራቁ መሬት ላይ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ በልባቸው በኩል አልፎ።

ሣር ቤት ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም። መስኮቱ የተዘጋ፣ ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ያስጥላል፤ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር የተዘረጋለት ትልቅ ሕንፃም እንዲሁ፣ ከቧንቧውና ከሽቦው ራቅ እስካሉ ድረስ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። መብረቅ የመታውን ሰው መንካት ያስይዛል የሚለው አባባል ደግሞ ሰው ይገድላል። ሰውየው አካል ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ የለም። ልቡ ቆሞ ከሆነ ደረቱን በፍጥነትና በኃይል እየደጋገመ የሚጫን ሰው ሊመልሰው ይችላል፤ ይህ መደረግ ያለበትም በዚያችው ደቂቃ ነው።

እስከ ካይሮ፣ እስከ አትላንቲክ

ዶፉ ባባራ በሰዓታት ውስጥ ጅረቱ ወደ ጀማ ወንዝ፣ ጀማ ወደ ዓባይ ይሄዳል። አስዋን ከሚደርሰው የናይል ውሃ ከ10 እጅ ከ8ቱ የሚበልጠው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሳ ነው፤ አብዛኛውም የክረምት ዝናብ ነው። የጥንት ግብፃውያን ሰማያቸው ጠብታ በማያውቅበት፣ ፀሐይዋ በምትፋጅበት ወር ወንዛቸው ሲሞላ ያዩ ነበር። ግሪኩ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት ብዙ ደክሞ ትክክለኛውን መልስ ሳያገኝ ቀረ። መልሱ ያለው የጎጃምና የሸዋ ከሰዓት በኋላ ደመና ውስጥ ነበር።

ደመናው ራሱም ይጓዛል። ማታ ማታ የደጋው ደመናዎች ተገጣጥመው በምሥራቁ ነፋስ እየተገፉ ወደ ሱዳን ይሻገራሉ፤ ከኢትዮጵያ ደጋና ከሱዳን ተራሮች አካባቢ የሚነሳ የአየር ሞገድ ቻድንና ሳህልን አቋርጦ አትላንቲክ ይገባል። ጥቂቶቹ እዚያ ሙቅ ባሕር አግኝተው ሃሪኬን ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2000 የተነሳውንና ለሳምንታት ውቅያኖሱ ላይ የቆየውን አልቤርቶን ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል ወደ ኋላ ሲከታተሉት መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ ላይ የነበረ የደመና ስብስብ ሆኖ አገኙት። በአሜሪካ ምሥራቅና ደቡብ ዳርቻ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየዓመቱ የሃሪኬን ማስጠንቀቂያ ሲሰሙ፣ አንዳንዱ ማዕበል ዘሩ ከአገር ቤት ክረምት የተነሳ ሊሆን እንደሚችል ብዙዎቹ አይገምቱም።

የደቻቱ ሌሊት

ከአትላንቲኩ ይልቅ ግን ከደመናው 20 እና 30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚሆነውን ማወቅ ይበልጥ ይጠቅመናል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ከደቡቧ የደንገጎ ከፍታና የሐረርጌ ደጋ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ይቆማሉ። ጣርማ በር ላይ የሚሆነው ሁሉ እዚያም ይሆናል፤ ደመናው ጫፉ ላይ ይቆማል፣ ዶፉ ቁልቁለቱ ላይ ይወርዳል። ከተማዋን መሐል ለመሐል የሚከፍላት የደቻቱ ወንዝ ግን አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ የቀፊራ ገበያ ከዳሩ ነው።

ሐምሌ 29 ለ30፣ 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊት ደጋው ላይ የወረደው ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ መጣ። ሰው ተኝቶ ነበር። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ። እንዲህ ያለውን ጎርፍ አገሬው ደራሽ ውሃ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐረርጌ ላይ ደኑ የተራቆተ፣ አፈሩ የሳሳ ቁልቁለት ውሃ አያስርግም፤ የወረደው ሁሉ ባንዴ ወደ ሸለቆው ይሰበሰባል፣ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይመጣል። ከዶፉ እስከ ጎርፉ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በሰዓታት ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ።

ከዚያ ወዲህ የወንዙ ዳር በግንብ ተደግፏል። ግንቡ ያስፈልጋል፤ በተሠራለት ልክ ለሚመጣ ውሃ ይበቃል። ከዚያ ለሚበልጠው ግን ሰውን የሚያተርፈው ቀድሞ የሚደርስ ወሬ ነው። ወንዙ ዳር የኖሩ አዛውንቶች ወሬውን ከሰማይ ማንበብ ያውቃሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት በተራራው በኩል ብልጭታው ከበዛ፣ ከላይ ጉምጉምታ ከተሰማ፣ አሸዋው ላይ ቀጭን የደፈረሰ ውሃ መውረድ ከጀመረ ዕቃ ሳይሰበስቡ ልጆችን ይዞ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ይህን ከሌላ አገር ለሥራ የመጣ፣ አሸዋው ዳር በርካሽ ቤት የተከራየ ሰው አያውቀውም፤ ቀበሌው ቤት ለቤት ሄዶ ሊነግረው ይገባል። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ነገ ከሰዓት በኋላ በምሥራቁ ደጋ ከባድ ዝናብ ሊኖር እንደሚችል መተንበይ ይችላሉ፤ የትኛው ሸለቆ ላይ እንደሚወርድ ግን አንድ ቀን ቀድሞ መናገር አይቻልም፣ ደመናው ገና አልተወለደማ። ሊታወቅ የሚችለው መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው፤ የሚያየውም እዚያው ዶፉ ሥር ያለ ሰው ነው። ደንገጎ ላይ ዝናብ መለኪያ የሚጠብቀው ሰው፣ ገበሬው፣ የሌሊት ሾፌሩ ቀፊራ ውስጥ የሚደውልለት ሰው ሊኖረው ይገባል፤ ስሙና ቁጥሩ የታወቀ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ስልኩን የሚያነሳ፣ ካነሳም በኋላ ሰፈሩን የሚያስነሳበት ደወል እጁ ላይ ያለ።